አልዩ አምባ ለሚወርዱ

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ተነስተን የሙስሊሞቹን የአርጎባዎች ከተማ አልዩ አምባን ልናይ ነው። ምን እንያዝ? ምንስ እንጠንቀቅ?

መልስ፦ እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጉልበት የሚፈትን ቁልቁለት። አንኮበር ላይ የሞቃችሁ ጋቢ ቆላ ስትደርሱ ሸክም ይሆናል። ስስ፣ ግን ክንድና ባት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ሴቶች ሻሽ አይርሱ። አልዩ አምባ በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ወደቡ ከታጁራ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት የዓርብ ገበያ ነበረች። የምትሄዱበት ቀን ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሶላት በፊት ድረሱ፤ በሶላት ሰዓት መስጊድ ደጅ ካሜራ ደግኖ መቆም ያስቀይማል። ስንቃችሁ ቆሎና ዳቦ ይሁን፤ ክርስቲያን ያረደው ሥጋ ለሚያስተናግዳችሁ ሙስሊም አይቀርብም። በረመዳን ደግሞ ቀን አደባባይ ላይ አትብሉ። የመመለሻውን ዳገት ሳይመሽ ጀምሩት።