ሐይቅ እያለን ለምን ውሃ በፈረቃ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው የምኖረው። ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣልን። ሰፈሩ ላይ በየዓመቱ አዲስ ቤት ይበቅላል፣ ቧንቧው ግን ያው ነው። ሐይቅ ከተማ ያለው ሐይቅ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ውሃ ለምን ስበው አያመጡልንም?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ሌሊቱን አውቀዋለሁ። እኛም ቤት ቧንቧው እንደተከፈተ፣ ከሥሩ ባልዲ ተደፍቶ ነው የሚታደረው። መጀመሪያ ፍሽሽ ይላል። ከዚያ ያስላል። ባልዲው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ትነሣለች። ሃያ ምናምን ዓመት ፓምፕ ሳስነሣና ሳጠፋ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ፣ አስቢው።

ወደ ሐይቅ ልምጣ። ርቀቱ ቀላል ነው፣ ችግሩ ዳገቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐይቅ ከእኛ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። 50 ጀሪካን ውሃ ያን ያህል ሽቅብ ለመግፋት፣ ፓምፑ ምንም ባያባክን እንኳ ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ መብራት ይበላል። የሚያባክነው ሲጨመር አንድ ተኩልን ያልፋል። ለ50 ጀሪካን ብቻ! ለከተማ አባዢው። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ውሃውም አብሮ ይሄዳል።

ሌላው፣ ሐይቁ መውጫ የለውም። የሚገባው ዝናብና ወንዝ ነው፣ የሚወስደው ፀሐይ። እዚያው ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር። ውሃው ሸሽቶ ዛሬ በእግር ይገባል (ለወንዶች ማለቴ ነው፣ እናንተማ ሕጉን ታውቁታላችሁ)። ሐረርም ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የምትጠጣው። ለከተማውም ለመስኖውም ሲቀዳ፣ ደለልም ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ደረቀ።

እኔን ብትጠይቂኝ መጀመሪያ የሚፈሰው ይደፈን። እኛ ቅያስ ቧንቧ ፈንድቶ አራት ወር ሙሉ ሲፈስ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። «መዝግበናል» ነው መልሱ። ልጆች ልብስ ያጥቡበት ነበር፣ እኛ ደግሞ ከቦቴ እንገዛለን! ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ በዚያው ስንጥቅ ጭቃው ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚመጣው የሚደፈርሰው። እሱን ለመጸዳጃ ቤት አድርጊው።

እስከዚያው ጣራሽን ተጠቀሚበት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ጣራ ላይ 1 ሊትር ነው። ደሴ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 50 ካሬ ቆርቆሮ ካለሽ፣ የሚረጨውንና የሚባክነውን ቀንሰሽ 40,000 ሊትር ታገኛለሽ። 2,000 ጀሪካን መሆኑ ነው። ሁሉን ማጠራቀም አትችይም፣ አብዛኛው ክረምት ላይ ይወርዳል። ግን 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 100 ጀሪካን ነው፣ በበልግም ትንሽ ይሞላልሻል።

አሸንዳውን ከሰኔ በፊት አስጠርጊ። የመጀመሪያውን ዝናብ ልቀቂው፣ አቧራና የወፍ ኩስ ነው። ለልብስና ለዕቃ እንዳለ ተጠቀሚ፣ ለመጠጥ አፍይው። ሮቶ ስትገዢ ጥቁሩን ያዢ። ብርሃን የሚያስገባው ውስጡ አረንጓዴ ያወጣል። እኔ ነጭ ገዝቼ ሁለት ክረምት ስፍቀው ኖሬያለሁ።