ጣና ሥር የሚነድ በረዶ ይገኛል ወይ?

ወንድሜ፣ «ከባሕር ወለል በታች አለ የሚባለው የሚነድ በረዶ ጣና ሥር አይኖርም ወይ? እንዴትስ ያገኙታል?» ብለህ ጠይቀሃል።

ከጣና ተስፋህን ቁረጥ። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። ይህ በረዶ የሚነድ ጋዝ በውስጡ ያሰረ ነው፤ ለመፈጠርም ከብርድ በተጨማሪ ከባድ ግፊት ይፈልጋል፤ ብርድ ብቻውን ቢበቃማ ጮቄ ተራራ ላይ በተገኘ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ሜትር የሚበልጥ ውኃ ሊጫነው ይገባል። ጨው ግን ግዴታ አይደለም፤ ጥልቁ የሳይቤሪያ ሐይቅ ባይካል ጨው አልባ ሆኖ ሳለ አለው።

ጋዙ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከእበት የምናገኘው ባዮጋዝ የሚነደው በዚሁ በሚቴን ነው። በባሕር ደለል ውስጥም ረቂቅ ተሕዋስያን ያመርቱታል፤ የውኃ ሞለኪውሎች እንደ ቅርጫት ከበው ያስሩታል። 1 ሜትር ኩብ በረዶ ሲፈርስ 160 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይለቃል።

ፍለጋው የሚጀምረው በድምፅ ነው። መርከብ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ትልካለች፤ ከበረዶው ሥር ነጻ ጋዝ ካለ ማሚቶው የወለሉን ቅርጽ ተከትሎ፣ ሞገዱ ግን ተገልብጦ ይመለሳል። ምልክቱ የበረዶውን መጠን አይናገርም፤ እርሱ በሌለበትም በረዶ ይገኛል። ስለዚህ መቆፈር ግድ ነው። ናሙናው መርከብ ላይ ሲደርስ በረዶው መቅለጥ ይጀምራል፤ ሲቀልጥ ሙቀት ስለሚስብ በሙቀት ካሜራ ቀዝቃዛ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ብልሃቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል!

ጋዙን ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2013 ናንካይ በተባለው የባሕር ሥር ሸለቆ ሞክራ፣ አሸዋ ጉድጓዱ ውስጥ ስለገባ በ6 ቀን አቁማለች።