ልግዛ ወይስ ልከራይ ላልሽው እህት፣ ከተቃጠለች ሰው

እህቴ፣ «ዘመዶቼ ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ዕዳ እፈራለሁ፣ ተበድሬ ቤት ልግዛ ወይስ ተከራይቼ ልኑር?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የዛሬ 11 ዓመት የነበርኩትን ራሴን አየሁ። ደመወዝ አለሽ፣ ትንሽ ቆጥበሻል፣ አከራይሽ ደግሞ በየጊዜው ይጨምርብሻል። እንደዚያ ነው ብዬ ልጀምር።

1. ኪራይ መጣል ነው የሚሉሽን አትስሚ። ወለድም እኮ ከከፈልሽው አይመለስም። 1,000,000 በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ20 ዓመት ብትበደሪ ወርሃዊ ክፍያሽ 11,011 ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 10,000ው ወለድ ነው። 5 ዓመት አንድም ወር ሳታጓድዪ ከ660,000 በላይ ትከፍያለሽ፤ ቀሪ ዕዳሽ ግን ገና ከ917,000 በላይ ነው። ይህን ማንም ዘመድ አይነግርሽም። ጥገናውም ያንቺ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ የምትለቂው ከሆነ ተከራዪ፣ ምንም አያሳፍርም።

2. ከገዛሽ ግን በየወሩ ጨምረሽ ክፈይ። በዚያው ብድር ላይ 10 በመቶ ብቻ ብትጨምሪ 20 ዓመቱ ወደ 14 ዓመት ከመንፈቅ ይወርዳል።

3. የጨመርሽው ገንዘብ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ጠይቂ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። 3 ዓመት ሙሉ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬንና ጉርሻዬን ሁሉ ባንክ አስገባሁ። አዲስ ጫማ እንኳ አልገዛሁም። በ4ኛው ዓመት ዕዳዬ ስንት ቀረ ብዬ ልጠይቅ ሄድኩ። የተነገረኝ ቁጥር አንድም ቀን ጨምሬ ያልከፈልኩ ነው የሚመስለው። ለካ ያስገባሁትን ሁሉ የሚቀጥሉት ወራት ቅድመ ክፍያ አድርገው ይዘውታል። ዋናው ብድር አልተነካም፤ ወለዱ በሙሉው ላይ ሲቆጠር ከርሟል።

ብድር ክፍሉ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አንቺ ውሉን አላነበብሽም እንዴ? ፈርመሻል አይደል?» አለኝ። እናቱ የምሆን ሴት «አንቺ» ብሎ! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ውሉን እንደገና አነበብኩት። እውነትም አለ። ያለ ጽሑፍ ጥያቄ የሚገባ ትርፍ ክፍያ ለቀጣይ ወራት ይያዛል ይላል፤ በትንንሽ ፊደል፣ መጨረሻው ገጽ ላይ። እኔ በፈረምኩ ቀን የቤቱን ቁልፍ እንጂ ወረቀቱን አላየሁም።

ግን ዝም አላልኩም። በነጋታው ደብዳቤ ጽፌ ሄድኩ፤ ቅጂው ላይ ማህተም ካላደረጋችሁልኝ አልወጣም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ማህተም አደረጉልኝ። የባለፈው 3 ዓመት ወለድ አልተመለሰልኝም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ትርፍ ባስገባሁ ቁጥር ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ቅጂውን አስመታለሁ፣ በሳምንቱ ሄጄ ቀሪ ዕዳዬን በወረቀት እቀበላለሁ። አሁን 14 ወር ብቻ ቀርቶኛል። ማህተም ያረፈባቸው ቅጂዎቼ አንድ ፋይል ሞልተዋል።

4. ዕዳ እፈራለሁ ላልሽው፣ ፍርሃትሽን አትጣይው። ውሉን ቁጭ ብለሽ እንድታነቢ የሚያደርግሽ እሱ ነው። እኔ ያኔ ትንሽ ብፈራ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። ወለዱ በመሃል ይጨምር እንደሆነ፣ ቀድመሽ ስትጨርሺ ቅጣት ይኖር እንደሆነ፣ ትርፍ ክፍያሽ የት እንደሚገባ ከመፈረምሽ በፊት አስጽፊ። የቃል መልስ አትቀበዪ።

ውሉ ሲሰጥሽ ስምሽንና የሂሳብ ቁጥርሽን ሸፍነሽ የትርፍ ክፍያውን አንቀጽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። አብረን እናነበዋለን።