ገደል ሁሉ የበረዶ ሥራ አይደለም

ጂኦሎጂ ለምትማሩም፣ እንዲሁ ተራራ መውጣት ለምትወዱም ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ድንጋይ ስቀጠቅጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣቶች ፎቶ ይልኩልኛል። "ጋሼ፣ ይሄንን ሸለቆ የቦረቦረው ግግር በረዶ ነው አይደል?" ይሉኛል። ፎቶው ብዙ ጊዜ የሰሜን ተራሮች ገደል ነው። መልሴ አጭር ነው፤ አይደለም። እዚያ አንዳንዱ ገደል 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የላቫ ንብርብር ነው፤ እሱን ውሃ እየበላው፣ ጎኑም እየተናደ እዚህ ደረሰ። ራስ ደጀንና ቧሂት አናታቸው አካባቢ ትንንሽ ግግሮች፣ ማለትም ዓመት ከዓመት ተከማችቶ በዝግታ ቁልቁል የሚሳብ በረዶ፣ ነበሯቸው። ያን ሁሉ ገደል ግን እነሱ አልሠሩትም።

የበረዶ ሥራ ማየት የሚፈልግ ባሌ ይሂድ። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ መኪና ይወጣል። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ቆሟል፤ ዛሬ ቋሚ በረዶ የለውም። በበረዶው ዘመን ግን አናቱ ላይ ሰፊ የበረዶ ቆብ ተደፍቶ ነበር። ከአምባው በስተሰሜን እንደ ቶጎና ባሉ ሸለቆዎችም ግግሮች ቁልቁል ይሳቡ ነበር።

ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ የተገለበጠ "ለ" ይመስላል። በረዶ ያለፈበት ደግሞ "ሀ"ን፤ ወለሉ ሰፊ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ። ወንዝ የሚቆርጠው ታች ታቹን ነው። በረዶ ግን ሸለቆውን ሞልቶ ስለሚሄድ ጎንና ወለሉን አብሮ ይፍቃል። የሚፍቀውም ከሥሩ ነቅሎ በያዘው ድንጋይ ነው እንጂ በረዶማ ከዓለት ይለሰልሳል።

ቅርጽ ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ። ናዳና ደለል ወለሉን ከሞሉት የወንዝ ሸለቆም "ሀ" ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ሞሬን ነው፤ ግግሩ ገፍቶ አምጥቶ የቆለለውን ጉብታ። ውሃ ድንጋይን በመጠን በመጠኑ ለይቶ ያስቀምጣል። በረዶ ቤት የሚያህለውንም ድንጋይ፣ ዱቄት የመሰለውንም አፈር ደባልቆ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ዓይናችሁን ከገደሉ ላይ አንሱና እግራችሁ ሥር ያለውን ቆሻሻ የመሰለ ክምር እዩ። ስልኩን ኪስ ክተቱና በእርሳስ ሳሉት። መሳል አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያላያችሁትን መሳል አትችሉም።

ከሞሬኑ ላይ ዕድሜም ይነበባል። ድንጋዩ ከበረዶ ወጥቶ ለሰማይ ከተጋለጠ ጀምሮ ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ውስጡ ክሎሪን-36 የሚባል የክሎሪን ዓይነት ያጠራቅምበታል፤ ያ ይለካል። በዚህ መንገድ የባሌና የአርሲ ግግሮች በጣም ተስፋፍተው የነበሩት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደሆነ ታውቋል። በዓለም ደረጃ በረዶ የገነነው ከ21,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የእኛዎቹ ቀደሙ ማለት ነው! ግግር ለማደግ ብርድ ብቻ አይበቃውም፤ ዝናብና ደመናም ይፈልጋል። የመመረቂያ ርዕስ ያጣችሁ ከዚህ ብትጀምሩ አትከስሩም።

ደግሞ ባሌ ያኔ ባዶ ምድር አልነበረም። ፊንጫ ሀበራ የሚባለው ዋሻ ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እየተመላለሱ ኖረውበታል። ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው፣ በረዶው አጠገብ ሄደው ነው የሚያመጡት። ይህ ጥናት የወጣው በ2019 ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር ያወራ ሰው ይሳቅበት ነበር።

ስትሄዱ ከብት ጠባቂዎቹን አነጋግሩ። ኦሮምኛ ካልቻላችሁ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ የከብቱ ደህንነት፣ የዝናቡ ነገር፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የት የት ውርጭ ቀድሞ እንደሚይዝ፣ የትኛው ምንጭ በጋ እንደማይደርቅ ከማንም ካርታ በላይ ያውቃሉ። ለሊት አምባው ላይ ውሃ ይረጋል፤ ወፍራም ካፖርት ያዙ። ጉም ከሐረና ጫካ በኩል ሲወጣ ካያችሁ ደግሞ መዶሻውን ሸክፉና ወደ መኪናው ተመለሱ፤ መንገዱ በአንድ አፍታ ይጠፋል።