ለቡችላዬ የጨርቅ ቤት ልግዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። የ5 ወር ቡችላ አለኝ። የሚታጠፈውን የጨርቅ ቤት ልግዛለት? ምንስ ላንጥፍለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና ነው። በዚህ ዕድሜው ጥርሱን እየቀየረ ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። የእኔዋ በአንድ ሌሊት ዚፑን በጥፍሯ ከፍታ፣ መረቡን ተርትራ፣ ጠዋት ሶፋዬ ላይ ተንፈላሳ አገኘኋት። ለአሁኑ የሽቦውን ውሰድ። የጨርቁ ማኘክ ለተወና ተዘግቶበት መተኛት ለለመደ ውሻ ነው። ያኔ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር ለካና 10 ሳንቲሜትር ያህል ጨምር፤ ውስጡ ቆሞ መዞር አለበት።

ስፖንጅ አታንጥፍለት፤ ቦጭቆ ከዋጠው አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። እኔ የማነጥፈው አሮጌ ጋቢ አራት አጥፌ ነው፣ እናቴ የላከችልኝን (እሷ እንዳትሰማ!)። ማሽን ውስጥ ገብቶ ይታጠባል። ክሩን መጎተት ከጀመረ ግን ቶሎ አንሳው።