የቱ አካባቢ ይሻላል? የክልሎችን ኢኮኖሚ ስለማወዳደር ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ በነፍስ ወከፍ ምርት አንደኛ የወጣ አካባቢ፣ ነዋሪዎቹም ከሁሉ የተሻለ ይኖራሉ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ምርት የሚመዘገበው ሥራው በተሠራበት ቦታ ነው፤ የነፍስ ወከፉን ለማግኘት የሚካፈለው ግን እዚያው ለሚያድረው ሕዝብ ቁጥር ነው። ወደ ሉክሰምበርግ ከ200 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየምና ከጀርመን እየተመላለሱ ይሠራሉ። ያመረቱት ከላይ ይደመራል፤ እነሱ ግን አካፋዩ ውስጥ የሉም። ብሪታንያ ገና አባል ሳለች፣ እ.ኤ.አ. ለ2016 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የነፍስ ወከፍ ምርት ስታቲስቲክስ የለንደን ማዕከላዊ ምዕራብ የኅብረቱን አማካይ 611 በመቶ ሲደርስ፣ ሰሜን ምዕራብ ቡልጋሪያ 29 በመቶ ላይ ነበር። የለንደኑ ነዋሪ ከቡልጋሪያዊው 21 እጥፍ ይኖራል ማለት ግን አይደለም።

ኑሮን ለማወዳደር ከፈለጉ የቤተሰብን ገቢ ይያዙ፦ ደመወዝ፣ የእርሻና የንግድ ትርፍ፣ ጡረታ፣ ከዘመድ የሚላክ ገንዘብ ተደምሮ ግብር ሲቀነስ። ብዙ ልጆቹ ዐረብ አገር የሚሠሩለት ወረዳ በምርት ዝቅ ብሎ በገቢ ከፍ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በትልቅ ከተማ 9,000 ብር የሚያገኝና በትንሽ ከተማ 8,000 ብር የሚያገኝ ሰው እንዴት ይወዳደራሉ?

መልስ፦ በመጀመሪያ በትልቁ ከተማ አንድ ቤተሰብ ወጪውን እንዴት እንደሚያከፋፍል ይወቁ። ለምግብ 50፣ ለቤት ኪራይ 25፣ ለሌላው 25 በመቶ ይሁን እንበል። ቀጥሎ በሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋጋው ይጠየቅ፤ ሠርገኛ ጤፍን ከነጭ ጤፍ ጋር ማወዳደር ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። በትንሹ ከተማ ምግብ በ10፣ ኪራይ በ60 በመቶ ቢረክስ፣ ሌላው ደግሞ በ5 በመቶ ቢወደድ፣ የትልቁን ከተማ ዋጋ 100 ብለን የትንሹን እናስላ፦ 0.50 × 90 + 0.25 × 40 + 0.25 × 105 = 81.25። 8,000ን ለ0.8125 ሲያካፍሉ በትልቁ ከተማ ዋጋ 9,846 ብር ይሆናል። ትንሹ ከተማ ያለው ሰው በልጦ ተገኘ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ማካፈሉን ትተው ያባዛሉ፣ ድሃ መስሎ የሚታየውንም ሰው ይበልጥ ያደኸዩታል። ሌላው ችግር ኪራይ ነው። ውኃ የማይቋረጥበትን ቤት በሳምንት አንድ ቀን ውኃ ከሚመጣለት ቤት ጋር ካወዳደሩ፣ ርካሽ ያሉት ዋጋ በከፊል የጥራት ልዩነት ነው። የወጪ ድርሻውንም ከትልቁ ከተማ ብቻ አይውሰዱ፤ በትንሹ ከተማ ድርሻም ደግመው ያስሉና ሁለቱንም ውጤት ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ የአንዱ ክልል የድህነት መጠን 24፣ የሌላው 26 በመቶ ቢሆን ሁለተኛው ይበልጥ ድሃ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት የአገሪቱ የድህነት መጠን 23.5 በመቶ ነበር፤ በገጠር 25.6፣ በከተማ 14.8። ይህ ከናሙና የተገኘ ስለሆነ የስህተት ህዳግ አለው። የእያንዳንዱ ክልል መደበኛ ስህተት (የናሙናው ውጤት ከእውነተኛው በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) 1.2 የመቶኛ ነጥብ ቢሆን፣ የሁለቱ ተጣምሮ የልዩነቱ ስህተት 1.7 ገደማ (1.2 × √2) ነው። ልዩነት አለ ለማለት የዚህ እጥፍ ገደማ፣ ማለትም ከ3.3 ነጥብ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ2 ነጥብ ልዩነት ደረጃ ማውጣት ተገቢ አይደለም። በዚያ ጥናት የነበረውን የድህነት ወለልም ያስታውሱ፦ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር፣ ምግቡም በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ነበር። ስሌቱ ሕፃንን እንደ አዋቂ አይቆጥርም፤ የቤተሰቡን ወጪ በሰው ቁጥር ብቻ ካካፈሉት ብዙ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ከእውነታው በላይ ድሃ ሆነው ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ከሳተላይት የሚታየው የሌሊት መብራት ለወረዳ ንጽጽር ይበቃል?

መልስ፦ ለከተሞች ይረዳል። በዝናብ የሚያርስ ወረዳ ግን ምርቱ ቢበዛም መብራቱ አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ድሃው ክልል በ8፣ ሀብታሙ በ5 በመቶ ያድጋሉ። ታዲያ ልዩነቱ ለምን ይሰፋል?

መልስ፦ ከመነሻው የተነሳ ነው። አንዱ ከ40,000፣ ሌላው ከ80,000 ብር የነፍስ ወከፍ ምርት ቢነሱ፣ በመጀመሪያው ዓመት የተጨመረላቸው 3,200 እና 4,000 ብር ነው። በብር ሲታይ ልዩነቱ እስከ 8ኛው ዓመት ይሰፋል፣ ከ9ኛው ጀምሮ ይጠባል፤ እኩል የሚሆኑት ከ24 ዓመት በኋላ ነው። ዕድገቱ ከዋጋ ንረት የጸዳና የነፍስ ወከፍ መሆኑንም ያረጋግጡ። ሕዝቡ በዓመት በ3 በመቶ የሚጨምር ከሆነ የ8 በመቶ አጠቃላይ ዕድገት በነፍስ ወከፍ ወደ 4.9 ይወርዳል።