ከሐረር እስከ ድሬ፣ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጋሼ፣ ዕድሜዬ 31 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ሲሆን ሐረር የመጣሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ 41 ሠራተኞች ባሉት አንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነው። ከተማዋን ወድጃታለሁ። የምኖረው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነው፤ አከራዬም እንደ ልጃቸው ያዩኛል። የጎደለኝ የሐሳብ ባልንጀራ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተገናኘን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መንግሥት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የምናነብና የምንከራከር ሰባት ሰዎች ነበርን። ግራ ዘመም መባልን አናፍርበትም ነበር። እዚህ ግን ፖለቲካ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ወገን ነሽ?» ነው። ባለፈው ወር የመጋዘናችን ጫኝና አውራጅ ልጁ ታሞበት ብር አዋጥተን ሰጠነው። ሁሉም ሰጠ፤ «ለምን በመዋጮ ብቻ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። መኪና የለኝም፤ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን እሠራለሁ። በሚኒባስ ደርሼ በምመለስበት ርቀት፣ ሐረርም ሆነ ሐረማያ ወይም ድሬዳዋ፣ እንደ እኔ የሚያስቡ ሰዎችን የት ላግኝ? ወይስ ጓዜን ጠቅልዬ ልመለስ?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከሐረር

መልስ

ልጄ፣ ጓዝሽን አትጠቅልዪ።

«ግራ ዘመም» የሚለውን ቃል ይዘሽ ሰው ፍለጋ ከወጣሽ ግን ሐረርም ድሬም ጭር ይሉብሻል። ምክንያቱን ልንገርሽ። በ1969 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ የእንጀራ ቀን ሳይሆን ምጣድ ጣደች። ሊጡ ጥቂት ነበር። ከምጣዱ ሥር የሚነድደው ግን እንጨት አልነበረም፤ የታላቅ ወንድሜ መጻሕፍት ነበሩ። ቅጠል በቅጠል እየገነጠለች ትማግዳቸዋለች፤ ወፍራሙ ሽፋን እሺ አልል ሲላት በእንጨት ትቆሰቁሰዋለች። የዚያን ቀን እንጀራ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ማናችንም ምንም ሳንናገር በላነው። ወንድሜ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ወጣ ቀረ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሁለት የግራ ፓርቲዎች፣ በኢሕአፓና በመኢሶን ተከፍሎ እርስ በርሱ ተጋደለ፤ የተረፈውን ደግሞ ደርግ በየተራ ለቀመው። ስለዚህ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቃሉን ሲሰማ ወሬ ቢለውጥብሽ ሐሳቡን ጠልቶ እንዳይመስልሽ። ከዚያ ወዲያ ያለው ወጣት ደግሞ ቃሉን የሚያስተምረው ሰው አላገኘም።

በሌላ በኩል አባቴ ስለ መደብ ትግል አንድ መስመር ሳያነብ የሞተ ሰው ነው። የምድር ባቡር ወርክሾፕ የቶርኖ ባለሙያ ነበር። ከደረት ኪሱ የማትለይ፣ ጠርዟ በግራሶ የጠቆረ ትንሽ ደብተር ነበረችው፤ የማኅበር መዋጮ ለከፈለበት ወር ሁሉ ማኅተም ተመትቶባታል። ድሬ እኮ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች የደሞዝተኛ ከተማ ናት። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም ለአባቴና ለጓደኞቹ መደራጀት እንግዳ ነገር አልነበረም። እናቴ ያንን ሁሉ መጽሐፍ ስታቃጥል ያችን ደብተር አልነካቻትም። ለምን እንደ ተወቻት ሳልጠይቃት ሞተች፤ እኔ ግን ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። «ብር አዋጥተን ሰጠነው» ብለሽ አልፈሽዋል። ያንን ብር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ፣ ከመጋዘን እስከ ጥበቃ ቤት እየዞረ የሰበሰበው ማን ነው? ስም ጽፎ፣ ያልሰጠውን ሳያሳፍር፣ ቆጥሮ ያስረከበው ማን ነው? አንድ ሰው አለ። ምናልባት ሴት ናት፤ በአብዛኛው እንዲያ ነው። የምትፈልጊው ሰው እሱ ወይም እሷ ናቸው፤ ለዚያ ደግሞ ሚኒባስ አያስፈልግሽም። «ለምን በመዋጮ ብቻ?» የሚለውን ጥያቄ ሌላ ሰው እስኪጠይቀው አትጠብቂ፤ ለእዚያ ሰው አንቺው ጠይቂው፤ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቀስ ብለሽ።

ቀጥሎ የምታነቡት አለላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን ቅጂ ፈልጊ፤ አማርኛው ጎን ለጎን አለ። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይናገራል፤ እናንተ 41 ናችሁ። ሠራተኛን በማኅበር አባልነቱ ማሰናበት ሕገ ወጥ እንደሆነም ይናገራል። አንቀጽ 55 ላይ ደግሞ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የመንግሥት፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የሌሎች ባለድርሻዎች ቦርድ ይጠቀሳል። የአዲስ አበባ ጓደኞችሽ ሲከራከሩበት የነበረው ጉዳይ እዚያ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ድሬ ውስጥ ለጽዳት ሠራተኞች የወሊድ ፈቃዱን አነበብንላቸው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በጠቅላላው 120 ቀን ከነደመወዝ። አንዲቱ ጣቷን መቁጠር ጀመረች፤ ከዚያ እጇን አጥፋ፣ «እኔ በአርባ ቀኔ ነው የተመለስኩት» አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ከእኛ ጋር የማንበብ ልማድ ያላት እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅሽ። የደመወዝ መክፈያው በእጅሽ የሚያልፍ ሰው ስለሆንሽ የሌላውን ሰው ደመወዝ ለክርክር ብለሽ እንዳታወጪ። አንዴ እምነት ካጎደልሽ ማንም አጠገብሽ አይቀመጥም።

ሌላው ቋንቋ ነው፤ በዚህ ላይ አልለሳለስልሽም። የሸዋ በር ገበያ አትክልት የምትሸጠው እናት፣ ከአወዳይ ጫት የሚጭነው ወጣት፣ የመጋዘናችሁ ጫኝ፣ አብዛኞቹ የሚያስቡት በኦሮምኛ ነው። ጀጎል ውስጥ ሐደሪኛ አለ፤ ድሬ ደግሞ ሶማሊኛውም ይጨመራል። በአማርኛ ብቻ የሚሰበሰብ ስለ ወዛደር የሚወያይ ጉባኤ ወዛደሩን በር ላይ አስቁሞታል ማለት ነው። አንቺም ቢያንስ ኦሮምኛ ጀምሪ። ድሬ የተወለደ ሕፃን ሦስቱን በጨዋታ ያገኘዋል፤ አንቺ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱን ብትይዢ «የማን ወገን ነሽ?» የሚለው ጥያቄም በዚያው ልክ ይቀልልሻል። አከራይሽ የሐረሪ ሴት ከሆኑ ስለ አፎቻቸው፣ ስለ መረዳጃ ማኅበራቸው ማለቴ ነው፣ ጠይቂያቸው። ለሐዘንና ለሠርግ የሚሰባሰቡት የአፎቻ ሴቶች ተራ እንዴት እንደሚያዝ፣ የቀረው ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ከእኔ ይልቅ ያስተምሩሻል። ማኅበር የሚጸናው በዚህ ነው።

የጫት መቃሚያውን በርጫ በተመለከተ፣ ጥሩ ክርክር የሚሰማበት ቦታ እንደሆነ አልክድም። ምርቃና ላይ የተወጠነ ነገር ግን ጠዋት ሲፈለግ አይገኝም።

ሐረማያ ለአንቺ ቅርብ ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ኮሌጁ ዓለማያ ይባል በነበረበት ዘመን ተማሪው የንቅናቄው ተካፋይ ነበር፤ ዛሬም የሚያነብ ወጣት አይጠፋም። ይሁን እንጂ ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል። እዚያ ሰው ከፈለግሽ ከመምህራኑና ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ ጀምሪ፤ የሚቆዩት እነሱ ናቸው።

ድሬ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ከተነሣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅብሻል። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ አትሞክሪው። እዚህ ስትደርሺ ሙቀቱ ሰውን ቤት አስገብቶት ነው የምታገኚው፤ ከተማው እስኪነቃ አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ መመለሻሽ ጨለማ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት ደንገጎ ላይ በክረምት ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ ይሸፍናል፤ የጫት መኪኖቹ ደግሞ ፍጥነታቸውን የምታውቂው ነው። እኔ ያንን መንገድ በሌሊት መሄድ ትቻለሁ፤ አንቺም አትሂጂበት። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሐረር ተነሺ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ከዚራ ነሽ። ዛፎቹ ጥላ አላቸው፤ እስከ ስድስት ሰዓት ሰው ረጋ ብሎ ይነጋገራል። ስምንት ሰዓት ላይ ተሳፍረሽ በፀሐይ ቤትሽ ትገቢያለሽ። በሁለት ሳምንት አንዴ መምጣቱ ከከበደሽ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይሁን፤ ዋናው ቀኑ አለመለወጡ ነው። ቀን እየተቀያየረ የፈረሰብኝን ስብስብ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ወደ ማን እንደምትመጪም ልንገርሽ። እኛ አምስት ነን፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የብየዳ ሠራተኛ፣ ቀደም ብዬ ያነሣኋት የጽዳት ሠራተኛና እኔ። ስም የለንም፤ ማኅተምም የለንም፤ የማንም ፓርቲ ቅርንጫፍ አይደለንም። ለአዘጋጁ አድራሻሽን ከላክሽ ቦታውን በደብዳቤ አሳውቅሻለሁ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ብቻሽን አትምጪ። ብቻሽን ከመጣሽ እኛ አምስታችን የአዲስ አበባ ስድስት ጓደኞችሽ ምትክ እንሆናለን፤ ሐረር ውስጥ ግን ሰኞ ጠዋት ያው ብቻሽን ነሽ። ያንን ብር ዞሮ የሰበሰበውን ሰው ይዘሽ ነይ፤ የሁለታችሁን የሚኒባስ ወጪ እኛ እናዋጣለን።

ደግሞ የጫኝና አውራጁን ልጅ ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ ሳትጨርሺው ቀርተሻል። ተሻለው?